የካሴው ሹም ባይ ቡሬና የጎጆ ግብር

ግብር የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት መልክ አለው። በአንድ ወገን ዳኛና ወታደር የሚቀለቡበት፣ መንገድና ድልድይ የሚሠራበት፣ ትምህርት ቤት የሚቆምበት የመንግሥት ገንዘብ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ከፋዩ በማን ሥልጣን ሥር እንዳለ የሚያስታውቅ ምልክት ነው፤ የሚገብር ሰው ገባር ይባላልና። በኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ባላባት ግብሩን ያስቀረ እንደ ሆነ፣ አንድ ጥይት እንኳ ባይተኩስ፣ ሸፈተ ይባል የነበረው ስለዚህ ነው። ግብር ተቀባዩ ገንዘቡን ሲቆጥር ከፋዩ ክብሩን የሚቆጥርበት ጊዜ አለ።

ገዥ የሆነ ሰው ይህን ሳይለይ ቢቀር ምን ያህል ደም እንደሚፈስ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ በምዕራብ አፍሪካ፣ በሴራሊዮን፣ በ1898 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) የሆነው ነው። የዚያ ጊዜ ዋና ሰው ባይ ቡሬ የተባሉት የካሴ ሹም ነበሩ።

ባይ ቡሬ በ1840 ገደማ፣ ፖርት ሎኮ ከምትባለው የንግድ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በካሴ አገር ተወለዱ። አባታቸው ከሎኮ ነገድ የሆኑ የጦር አለቃ፣ እናታቸውም የቴምኔ ነገድ ተወላጅ ነበሩ። በዚያ አገር ልማድ የጦር ሰው ልጅ የአባቱን ሙያ እንዲማር ይደረግ ነበርና፣ በወጣትነታቸው ግቤንደምቡ ወደምትባል መንደር ተልከው የውጊያን ጥበብ ተማሩ። ኬባላይ የሚል ቅጽል ስምም ወጣላቸው፤ ትርጉሙ ጦርነት የማይሰለቸው ማለት ነው። ትምህርታቸውን ፈጽመው ከተመለሱ በኋላ በሰሜን ሴራሊዮን በተደረጉት ብዙ ጦርነቶች ተካፍለው ስማቸው ገነነ። በ1886 የካሴ ሹማምንትና ሽማግሌዎች መርጠው በአገሩ ላይ ሾሟቸው። ባይ ቡሬ የሚለውም ስም ከሹመቱ ጋር የሚሰጥ የማዕርግ ስም እንጂ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ሴራሊዮን የሚባለው የእንግሊዝ ግዛት ትንሽ ነበር። ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች የሰፈሩባት ፍሪታውን በ1792 ተቆረቆረች፤ በ1808ም የእንግሊዝ ዘውድ ግዛት ሆነች። ከባሕሩ ዳር ራቅ ያለው ሰፊ አገር ግን የቴምኔ፣ የሜንዴ፣ የሎኮ፣ የሊምባና የሌሎችም ነገዶች ነበር፤ የሚገዛውም በየራሱ ሹማምንት ነበር። የፍሪታውን መንግሥት ከእነዚህ ሹማምንት ጋር የወዳጅነት ውል ይዋዋል ነበር። ሹማምንቱ የንግድ መንገድ እንዳይዘጋ፣ ነጋዴም እንዳይዘረፍ ሲጠብቁ፣ መንግሥቱ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ በስጦታ ስም ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ከፋዩ የእንግሊዝ መንግሥት፣ ተቀባዩም የአገሩ ሹም ነበር። ይህ ነገር በኋላ ስለ ተነሣው ጠብ ሲነገር መዘንጋት የሌለበት ነው።

ባይ ቡሬም ከመጀመሪያው የእንግሊዞች ጠላት አልነበሩም። በ1892 የፍሪታውን መንግሥት ታምቢ በሚባለው ምሽግ ላይ ጦር ባዘመተ ጊዜ፣ ባይ ቡሬ ሰዎቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ወታደሮች ጎን ተሰልፈው ነበር። በዚያ ዘመቻ እንግሊዞች የባይ ቡሬን ጀግንነት ለማየት ቻሉ፤ ባይ ቡሬም የእንግሊዝ ጦር እንዴት እንደሚጓዝ፣ እንዴት እንደሚተኩስ፣ በጫካ ውስጥ የሚቸግረው ምን እንደ ሆነ ለመመልከት ቻሉ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ወዳጅነቱ በየጥቂቱ ወደ ገዥነት ተለወጠ። የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን በሚከፋፈሉበት በዚያ ዘመን እንግሊዝና ፈረንሳይ በአካባቢው ወሰን ላይ ይፎካከሩ ነበር። በ1890 የጠረፍ ፖሊስ የሚባል ጭፍራ ተቋቋመ፤ በ1895ም ሁለቱ መንግሥታት በወሰኑ ነገር ተስማሙ። ነሐሴ 31 ቀን 1896 የፍሪታውን ገዥ የነበሩት ሰር ፍሬደሪክ ካርዲው በስተ ውስጥ ያለው አገር ሁሉ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር መሆኑን በአዋጅ አስታወቁ። ይህ የሆነው የኢትዮጵያ ሠራዊት በዓድዋ ድል ካደረገ ከስድስት ወር በኋላ ነው። በአንዱ የአፍሪካ ማዕዘን አንድ የአውሮፓ መንግሥት ጥበቃ በሚል ስም የፈለገው ግዛት በጦር ሜዳ ሲቀርበት፣ በሌላው ማዕዘን ተመሳሳዩ ነገር በወረቀት ተፈጸመ። የአገሩም ሹማምንት አዋጁን የሰሙት ከታወጀ በኋላ እንጂ አስቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም።

አገሩ በአምስት አውራጃ ተከፈለ፤ በየአውራጃውም አንድ እንግሊዛዊ ሹም ተቀመጠ። ሹማምንቱ ይዳኙት ከነበረው ነገር ከባድ ከባዱ ተወስዶ ለእንግሊዛዊው ሹም ተሰጠ። በየመንደሩ የሚዞሩት የጠረፍ ፖሊሶች ሕዝቡን በማስጨነቅ ስማቸው ከፍቶ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቀድሞ በዚያው አገር በባርነት የነበሩ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ የመንግሥት ልብስ ለብሰው ሲመለሱ በቀድሞ ጌቶቻቸው ፊት መኩራታቸውና ማዋረዳቸው አልቀረም። ሹሙ በልጆቹና በሚስቶቹ ፊት ተዋርዶ በሕዝቡ ላይ ምን ሥልጣን ይኖረዋል?

ይህ ሁሉ ወጪ የሚጠይቅ ነበር። የለንደን መንግሥት እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት ራሱን እንዲችል ይፈልግ ነበርና፣ ገዥው ካርዲው የአዲሱን አስተዳደር ወጪ ሕዝቡ ራሱ እንዲከፍል አሰቡ። ቀደም ብለው በደቡብ አፍሪካ፣ በዙሉላንድ አገልግለው ስለ ነበር የጎጆ ግብር የሚባለውን ያውቁታል። በደቡብ አፍሪካ የተከፈለው በምዕራብ አፍሪካ የማይከፈልበት ምክንያት አልታያቸውም። ስለዚህ ከጥር 1 ቀን 1898 ጀምሮ አራት ክፍልና ከዚያ በላይ ያለው ቤት በዓመት 10 ሺልንግ፣ ከዚያ የሚያንሰው 5 ሺልንግ እንዲከፍል ታዘዘ። ግብሩም መጀመሪያ በሦስቱ አውራጃዎች እንዲሰበሰብ ተወሰነ፤ የባይ ቡሬ አገር ያለበት የካሬኔ አውራጃ ከሦስቱ አንዱ ነበር።

ካርዲው ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አይቻልም። ባሪያ ፍንገላን ለማጥፋት የተጉ፣ በስተ ውስጥ ባለው አገር በእግራቸው ረጅም መንገድ የተጓዙ፣ የባቡር ሐዲድ ሥራንም ያስጀመሩ ብርቱ ሹም ነበሩ። ግብሩ ለሕዝቡ ጥቅም እንደሚውል ከልባቸው ያምኑ ነበር። ሹማምንቱን ሰብስበው ስለ ግብሩ አስረድተዋቸዋል። ችግሩ ማስረዳትን እንደ ማድመጥ መቁጠራቸው ነበር።

የቴምኔ ሹማምንት ስለ ግብሩ ያቀረቡት አቤቱታ ሦስት ነገር የያዘ ነበር። አንደኛው ድህነት ነው። በመንደር ውስጥ የብር ገንዘብ እምብዛም አይገኝም፤ 5 ሺልንግ ለማግኘት የዘንባባ ፍሬ ለቅሞ፣ ፈልፍሎ፣ ተሸክሞ ለባሕር ዳር ነጋዴ መሸጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው አቆጣጠሩ ነው። በዚያ አገር አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ቤት አይኖርም፤ ለየሚስቱ፣ ለየልጁ፣ ለተጠጊውና ለእንግዳው የተለየ ጎጆ አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያስተዳድር አባወራ በጎጆው ቁጥር ይቀጣል።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይልቅ የከበደ ነበር። እንደ ቴምኔዎች አስተሳሰብ ሰው በየዓመቱ ዋጋ የሚከፍልበት ነገር የራሱ አይደለም። አባቱ የሠራውን፣ እርሱም ጭቃ መርጎ፣ ሣር ከድኖ ያደሰውን ቤት በኪራይ ከያዘው፣ ቤቱ የማን ነው? ከሹማምንቱ ብዙዎቹ ግብሩን የተረዱት አገራቸው መወሰዱን የሚያረጋግጥ ማኅተም አድርገው ነበር። ይህን ለመረዳት አንድ ኢትዮጵያዊ ገበሬ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የአጽመ ርስቱን ጭሰኛ መሆን ምን እንደሚመስል ያውቃልና።

በ1897 የቴምኔ ሹማምንት ወደ ፍሪታውን ተጉዘው አቤት አሉ። ገዥው ነገሩን በመጠኑ አቃለሉት፤ ለሰፊው ቤት የተወሰነው 10 ሺልንግ ቀርቶ ለሁሉም 5 ሺልንግ እንዲሆን፣ ገንዘብ የሌለውም በእህል እንዲከፍል ፈቀዱ። በድህነትና በአቆጣጠሩ ነገር ለቀረበው አቤቱታ ይህ መልስ ይሆናል። ስለ ቤቱ ባለቤትነት ለቀረበው ጥያቄ ግን መልስ አልተሰጠም፤ ምናልባትም ጥያቄ መሆኑ አልታወቀም። ሹማምንቱ ተስፋቸው ተቆርጦ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ዓመቱ በገባ ጊዜ የካሬኔ አውራጃ ሹም የነበሩት ካፒቴን ሻርፕ ግብሩን ለመሰብሰብ ወደ ፖርት ሎኮ መጡ። የከተማው ሹማምንት ለመሰብሰብ እምቢ ስላሉ ተይዘው በእስር ወደ ፍሪታውን ተላኩ። ወዲያውም ባይ ቡሬ ጦር እየሰበሰቡ ነው፣ ግብር የሚከፍለውንም ይቀጣሉ የሚል ወሬ ተሰማ። በየካቲት ወር 1898 ሻርፕ ፖሊሶቻቸውን አስከትለው ባይ ቡሬን ለመያዝ ወጡ። በመንገድ ላይ የታጠቁ ወጣቶች ከሁለቱም ወገን እየተከተሉ ሰደቧቸው፤ ድንጋይም ወረወሩ። ፖሊሶቹ ተኮሱ። ጦርነቱ በዚህ ተጀመረ።

ባይ ቡሬ በዚያን ጊዜ ወደ 60 ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ነበሩ። መሣሪያቸው በአብዛኛው በአፍ የሚጎረስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር፤ ጥይት ሲጠፋ ጠጠርና የብረት ስብርባሪ ይጎርሱበት ነበር። የእንግሊዝ ጦር ግን ፈጣን ጠመንጃና መድፍ ነበረው። ስለዚህ ባይ ቡሬ በገላጣ ሜዳ ውጊያ አልገጠሙም። በጫካው ውስጥ በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ዳር ከግንድና ከድንጋይ የተሠራ ምሽግ አሠሩ፤ ምሽጉ በቅጠል ተሸፍኖ አሥር እርምጃ ያህል እስኪቀርቡት አይታይም ነበር። ተዋጊዎቹ በተሰነጠቀው ቀዳዳ በኩል ተኩሰው፣ ከኋላ ባዘጋጁት መውጫ ይሰወራሉ። ጦሩ አንዱን ምሽግ በብዙ ድካም ሲያፈርስ ሌላው ከፊቱ ይቆየዋል። ከፖርት ሎኮ እስከ ካሬኔ ያለው መንገድ ለእንግሊዝ ጦር የሬሳና የቃሬዛ መንገድ ሆነ።

በጫካው ያለውን ጠላት ለማግኘት የተቸገረው ጦር መንደሮቹን ማቃጠል ጀመረ። በሚያዝያና በግንቦት ወራት በካሴና በአካባቢው ብዙ መንደር ነደደ፤ በጎተራ ያለው ሩዝም አብሮ ተቃጠለ። የጎጆ ግብር ለመሰብሰብ የወጣው ጦር ግብር የሚከፈልበትን ጎጆ ራሱን አመድ አደረገው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1898 ደግሞ በደቡብ በኩል የሜንዴ ነገድ ተነሣ። በዚያ የተደረገው ከባይ ቡሬ ጦርነት የተለየ ነበር። የተቈጡት ሰዎች ከመንግሥት ጋር ዝምድና አለው ብለው በጠረጠሩት ሁሉ ላይ ስለ ተነሡ፣ ጦር ያልያዙ ነጋዴዎች፣ ሚሲዮናውያን፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር ተገደሉ። ከፍሪታውን የመጡ ብዙ ክሪዮዎች አለቁ። በባይ ቡሬ ወገን ውጊያው በአብዛኛው ከወታደርና ከፖሊስ ጋር ነበር፤ ሆኖም በዚያም በኩል አንድ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ በጉዞ ላይ ሳለ ተገድሏል፤ ከመንግሥት ጋር ያበረ የተባለ የአገር ሰውም ከቅጣት አልዳነም። የተገፋ ሕዝብ ሲነሣ ቍጣው የሚያርፈው በገፊው ላይ ብቻ እንዳልሆነ የዚያ ዓመት ታሪክ ያሳያል።

ገዥው ካርዲው ባይ ቡሬን ለሚያስይዝ ሰው 100 ፓውንድ ሽልማት አወጡ። ባይ ቡሬም በበኩላቸው ገዥውን ለሚያመጣላቸው 500 ፓውንድ እሰጣለሁ ብለዋል እየተባለ በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይተረካል። ተረቱ እውነትም ይሁን አይሁን፣ ለገንዘቡ ብሎ አሳልፎ የሰጣቸው ሰው ሳይገኝ ብዙ ወራት አለፉ። ክረምቱ ገባ፤ ዘር ሳይዘራ ቀረ፤ ራብ ጸና። በመጨረሻ ኅዳር 11 ቀን 1898 በጫካ ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሳሉ የእንግሊዝ ጦር ጠባቂ ቡድን አግኝቶ ያዛቸው።

ወደ ፍሪታውን በተወሰዱ ጊዜ ሕዝቡ ሊያያቸው ተሰበሰበ። እንግሊዞቹ ባይ ቡሬን እንደ ተራ ወንጀለኛ አልቈጠሯቸውም፤ ለፍርድም አላቀረቧቸውም፤ በፖለቲካ እስረኛነት ያዟቸው። ሐምሌ 30 ቀን 1899 ኛጓና ቤ ሸርብሮ ከተባሉት ሁለት ሹማምንት ጋር ዛሬ ጋና ወደምትባለው ወደ ጎልድ ኮስት አጋዟቸው።

በዚያው ጊዜ የለንደን መንግሥት የዓመፁን ምክንያት የሚመረምር መልእክተኛ ልኮ ነበር። ሰር ዴቪድ ቻልመርስ የተባሉት እኒህ የሕግ ሰው በ1898 ወደ ፍሪታውን መጥተው ሹማምንትን፣ ነጋዴዎችን፣ ሚሲዮናውያንንና የመንግሥት ሠራተኞችን ምስክርነት ሰሙ። በ1899 መጀመሪያ ባቀረቡት ሰፊ ዘገባ የዓመፁ ምክንያት የጎጆ ግብሩና ግብሩ የተሰበሰበበት የኃይል መንገድ መሆኑን አረጋገጡ። ግብር መክፈል ቤትንና አገርን እንደ መነጠቅ ሆኖ በሕዝቡ ዘንድ መታየቱንም ገልጸው፣ ግብሩ ፈጽሞ እንዲቀር መከሩ። ካርዲው ተቃወሙ፤ ዓመፁን ያነሣሡት የፍሪታውን ጋዜጦችና ነጋዴዎች፣ ሥልጣናቸው የተቀነሰባቸውም ሹማምንት ናቸው አሉ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ጆሴፍ ቻምበርሌን ሁለቱንም መዝነው ለካርዲው ፈረዱ፤ ግብሩም ጸና። የዓመፁ ምክንያት እንዲጣራ ከተደረገ በኋላ፣ የተጣራው ነገር በመዝገብ ቤት ተቀመጠ።

ባይ ቡሬ በግዞት ስድስት ዓመት ያህል ቆይተው በ1905 ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፤ የካሴ ሹመታቸውም ተመለሰላቸው። አብረዋቸው የተጋዙት ሁለቱ ሹማምንት ግን በዚያው በግዞት አገር አረፉ። ባይ ቡሬ በአገራቸው የኖሩት ጥቂት ዓመት ነው፤ በ1908 ሞቱ። ሲመለሱም ሲሞቱም የጎጆ ግብሩ ይከፈል ነበር።

እንግዲህ ባይ ቡሬ ተሸነፉ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከ57 ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ በዚያው በሰሜን ሴራሊዮን ሕዝቡ እንደገና ስለ ግብር ተነሣ። ሁከቱ የጀመረው ባይ ቡሬ በተዋጉበት አካባቢ፣ በፖርት ሎኮ አጠገብ ባለው በማፎርኪ ነበር፤ ወደ ካምቢያና ወደ ሌሎቹም አውራጃዎች ተዛመተ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ በዋናነት የተነሣው በገዛ ሹማምንቱ ላይ ነው። እነርሱ ከቅኝ ገዥው መንግሥት ሥር ሆነው ግብር እየሰበሰቡ፣ በግብሩ ላይ የራሳቸውን እየጨመሩ፣ የድሀውን ጉልበት ያለ ዋጋ እየተገለገሉ ኖረው ነበርና። የሹማምንቱ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በ1956 ነገሩን የመረመረው ጉባኤም በብዙዎቹ ሹማምንት ላይ ጥፋት አገኘ። የ1898ቱ ሹማምንት ስለ ሕዝቡ ጎጆ ተሟገቱ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዘመን ሹማምንት በዚያው ጎጆ ላይ ቀራጭ ሆኑ። ስለዚህ የባይ ቡሬ ታሪክ የጥቁርና የነጭ ጠብ ብቻ ተደርጎ ቢነገር ግማሹ ይቀራል።

ሴራሊዮን ሚያዝያ 27 ቀን 1961 ነፃ ወጣች፤ ዕለቱ የሜንዴ ነገድ ከተነሣበት ዕለት ጋር አንድ ነው። የባይ ቡሬም ሥዕል በአገሪቱ የ1000 ሊዮን ገንዘብ ላይ ታትሞ ነበር። ግብርን እምቢ ብለው የተሰደዱት ሰው መልክ ግብር በሚከፈልበት ገንዘብ ላይ መውጣቱ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ባይ ቡሬ የተዋጉት ከግብር ጋር ሳይሆን፣ ሳይጠየቁ ከተጣለ ግብር ጋር ስለ ነበር የሚጋጭ ነገር የለውም። ለብዙ ዘመን የሚታወቀው መልካቸው አንድ እንግሊዛዊ መኮንን በእስር ሳሉ የሣለው ሥዕል ብቻ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን በዚያው በእስር ጊዜያቸው የተነሣ ፎቶግራፍ ተገኝቶ፣ የአገራቸው ሰዎች የሽማግሌውን እውነተኛ ፊት ለማየት በቁ።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር የጦርነቱን ቀኖች ከማስጠናቱ በፊት ተማሪዎቹን አንድ ነገር ቢጠይቃቸው ይጠቅማቸዋል። የቴምኔ ሹማምንት ፍሪታውን ድረስ ሄደው አቤት ባሉ ጊዜ፣ የጎጆውን ዋጋ ከመቀነስ በፊት ምን ተብለው መጠየቅ ነበረባቸው? ተማሪዎቹ መልሱን ራሳቸው ካገኙት፣ ከእነርሱ መካከል ነገ በየወረዳው ሹም ሆኖ መዝገብ ይዞ የሚቀመጠው ሰው፣ አቤት ባይ ከፊቱ ሲቆም መዝገቡን ከመግለጡ በፊት ያስታውሰዋል።